ልጄ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥታለች፤ ጥናቱ ውስጥ ላስገባት?

ጥያቄ (የሚጣ እናት፣ ባሕር ዳር)
እንዴት ናችሁ? ልጄ 6 ዓመቷ ነው። በከባድ የሳንባ ምች ጽኑ ሕሙማን ክፍል 11 ቀን ተኝታ ነበር፤ ስድስቱን ቀን በማሽን ነው የተነፈሰችው። ተመስገን፣ ወጣች። አሁን ቤት ከገባን ሦስት ሳምንት ሆነን። ግን የድሮዋ ልጄ አይደለችም። ከአልጋዋ እስከ በሩ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ብድግ ብላ «እማ፣ ማሽኑ ጮኸ» ትለኛለች።
ሌላው ደግሞ፣ ስንወጣ አንድ ተመራማሪ ወረቀት ሰጥቶኛል። ከዚያ ክፍል የወጡ ልጆች እንዴት እንደሚያገግሙ ለስድስት ወር ይከታተላሉ አሉ። ይመዝኗታል፣ ያስኬዷታል፣ እኔንም ይጠይቁኛል። አማቴ «ልጅቷን መሞከሪያ አታድርጊያት» ብለውኛል። ልፈርም ወይስ ይቅር?

የዘጌ ልጅ
እኔ ብሆን አልፈርምም። የሰው መመረቂያ ነው የሚሆነው። ልጅቷ ትረፍ።

ሲስተር (የሕፃናት ክፍል ነርስ)
እህቴ፣ አይዞሽ። ድካሙ የሚጠበቅ ነው። ልጅ ማስተኛ መድኃኒት እየወሰደ ማሽን ላይ ሲቆይ ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል። ፍርሃቱና ቅዠቱም የዚያው ክፍል ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች ይህን ለልጆች በአራት ከፍለው አስቀምጠውታል፦ አካል፣ አእምሮ፣ ስሜትና ማኅበራዊ ኑሮ። ወላጅና ወንድም እህትም ሊጎዱ ይችላሉ ይላሉ፤ አንቺም እንቅልፍሽን ጠብቂ።
ዛሬውኑ የስልክሽን ጥሪ ቀይሪው። ምግቧን ትንሽ ትንሽ አድርገሽ ቶሎ ቶሎ ስጫት። ፊዚዮቴራፒ ይጻፍልሽ ብለሽ ሐኪሟን ጠይቂ። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ይዘሻት ሩጪ።

የሁለት ልጆች አባት
የኔም ልጅ እንደዚሁ ነበር። «ተራመድ» ስለው ያለቅሳል። በኋላ ዘዴ አገኘሁ። ማታ ማታ ዘንባባ ወዳለበት መንገድ አወጣውና «እስከሚቀጥለው ዛፍ ብቻ» እለዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ዛፍ። በወሩ ቆጠራው እኔን አደከመኝ።

ጥናት ላይ የምሠራ
ወንድሜ የዘጌ ልጅ፣ መመረቂያ መሆኑ ላይቀር ይችላል፤ ችግሩ የቱ ላይ ነው? አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትኩሳት ይዞት እጅ እግሩ ለቀዘቀዘ ልጅ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ያድነዋል ተብሎ ይታመን ነበር። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ 3,141 ልጆች የገቡበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። በፍጥነት ከተሰጣቸው 100 ልጆች 11 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ግን 7 ያህል። በቅንነት ይሰጥ የነበረው ነገር እየጎዳ ነበር ማለት ነው። እነዚያ ወላጆች ባይፈርሙ ዛሬም እንቀጥል ነበር።
እህቴ፣ ያንቺ ደግሞ እንዳልሽው ከሆነ መድኃኒት የሚሞከርበት አይደለም፤ ክትትል ነው። ግን ሳትጠይቂ አትፈርሚ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው? ብታቋርጪ ሕክምናዋ ይነካል? ሲመዝኗት ችግር ቢያገኙ ማን ያክማታል? የመመላለሻውንስ ማን ይከፍላል? ሚጣንም በሚገባት ቋንቋ ያስረዷት።

የሚጣ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ጀርባው ላይ «በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ ሕክምናው አይቋረጥም» ይላል። ያን ቀን የት አይኔ ያያል! ስለ ባጃጅ ብሩ ግን አንድም ቃል የለም፤ ሐሙስ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ እፈርማለሁ። አማቴን አሁንም አላሳመንኩም።
ጥሪውን ቀይሬዋለሁ። ትናንት ሌሊት ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፤ እሷ ተኝታለች፣ የነቃሁት እኔ ነኝ። ማታ ደግሞ ሦስት ዘንባባ ሄደናል። አራተኛው ላይ እዘይኝ አለች።