የዕቅድ ውይይት፦ ለቴሌስኮፑ ባለ መብራት ማነጣጠሪያ

አስተባባሪ (ማርቆስ)፦
ለተማሪዎች ሰማይ የምናሳይበት የጋራ ቴሌስኮፓችን የ2019 ዕቅድ እስከ ሰኔ መጨረሻ ገንዘብ ለሚሰጡን ደጋፊዎች መግባት አለበት። ብሩ ያው የምታውቁት ነው፣ አልጨመረም። ዘንድሮ አስር ነገር ደርድረን ሁሉንም ከምናጣ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ ባይ ነኝ፣ ለቴሌስኮፑ ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ። የድሮው መስታወቱ ከወለቀ ወዲህ ያለውን አይታችኋል። ጥር ላይ ሞጣ ልጆቹ ተሰልፈው ቆመው እኛ በቱቦው ጎን እያጮለቅን ጁፒተርን ስንፈልግ ግማሾቹ በርዷቸው ቤታቸው ገቡ። የትኛው ዓይነት ይሻላል የሚለውን እዚሁ ጨርሱልኝና ረቂቁን እጽፋለሁ።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ደጋፊዎቹ "ቴሌስኮፕ እያላችሁ ሌላ መነጽር ለምን" ማለታቸው አይቀርም ስለዚህ ይሄ ረቂቁ ላይ ይግባ። የኛ ስምንት ኢንች ዶብሶኒያን ነው፣ መሠረቱ ላይ በእጅ የሚዞር ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ፣ የፎካል ርዝመቱ (ብርሃኑን የሚሰበስብበት ርቀት) 1200 ሚሜ፣ በ25 ሚሜ አይፒስ (ዓይን የሚገባበት ሌንስ) 48 ጊዜ ያጎላል፣ በአንዴ የሚያሳየው ሰማይ ግን አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ይሞላዋል። በዚያች ቀዳዳ ሰማይ ሙሉ ማሰስ አይቻልም። ማነጣጠሪያው ምንም አያጎላም፣ ሁለቱንም ዓይንህን ከፍተህ ታያለህ፣ ነጥቧ ሰማዩ ላይ ያረፈች ትመስላለች፣ የፈለግከው ኮከብ ላይ ካሳረፍካት ቴሌስኮፑም እዚያው ነው። ራስህን ብታነቃንቅም ነጥቧ ከኮከቡ አትለቅም፣ ብርሃኗ ከሩቅ እንደመጣ ሁሉ ትይዩ ሆኖ ነው ዓይንህ የሚገባው።

ሒሳብ ያዥ፦
ዋጋ። ከዶላሩ ለውጥ በፊት የተሠራውን በጀት እንዳታመጡብኝ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያ ወረቀት ዋጋ የለውም።

ዲሲ፦
እኔ በነሐሴ ከአሜሪካ እመጣለሁ፣ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባዋለሁ የትራንስፖርት አታስቡ። እዚህ የጠመንጃ ሬድ ዶት፣ ያው ባለ ቀይ ነጥቡ፣ በየሱቁ ሞልቷል፣ ብረት ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ፕላስቲኩ አንድ ክረምት አልቆየላችሁም እኮ። እሱን ላምጣ?

ፊዚክስ ሞጣ፦
አይሆንም ወንድሜ። የጠመንጃው የተሠራው ለቀን ነው፣ ብዙዎቹ መብራታቸው ዝቅ ተደርጎ ዝቅ ተደርጎ እንኳን ለጨለማ ይበዛል፣ ነጥቧ ደካማውን ኮከብ ውጣ ታስቀረዋለች። የፊት መስታወቱም ቀዩን ብርሃን መልሶ እንዲያንጸባርቅ ስለሚቀባ ሰማዩን ያደበዝዘዋል። ለሰማይ የተሠራው መብራቱ እስከ ጭል ጭል ድረስ ይወርዳል። ቴልራድ የሚባለውን ነው የምፈልገው፣ በነጥብ ፋንታ ሦስት ቀይ ክቦች ያሳያል፣ ግማሽ ዲግሪ፣ 2 እና 4 ዲግሪ። ልጁ በካርታው ላይ ያየውን ርቀት በክቡ ለክቶ ኮከቡን ራሱ ያገኘዋል። እኛ ካገኘንለትማ ምኑን ተማረ?

የዳንግላዋ፦
ቴልራዱ በድብል ኤ ድንጋይ ነው የሚሠራው አይደል? ሁለት ድንጋይ ከሆነ ዳንግላም አለ ቡሬም አለ። ትንሿ ሬድ ዶት ግን ያቺን ሳንቲም የምታክል 2032 ነው የምትፈልገው፣ እሷን ፍለጋ ነው ባለፈው ባሕር ዳር ድረስ የተላክነው። ለኔ ይሄ ብቻውን ይበቃል።

ባሕር ዳር ልጅ፦
እኔ 9 በ50 የሚሉትን ትንሽ መፈለጊያ መነጽር እመርጣለሁ፣ መሃሉ ላይ ያለው መስቀል በመብራት የሚታየውን። 9 ጊዜ ያጎላል፣ አምስት ዲግሪ ያህል ያሳያል፣ ከተማ ውስጥ በመብራቱ ብዛት ኮከቡ በዓይን ሳይታይ ሲቀር ቀይ ክብ ምን ላይ ታሳርፋለህ?

ፊዚክስ ሞጣ፦
ቴሌስኮፑ ከተማ ምን ይሠራል? ለገጠር ትምህርት ቤቶች ነው የተገዛው።

ባሕር ዳር ልጅ፦
ጀመርክ። የባለፈው ዓመት ንግግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አስተባባሪ (ማርቆስ)፦
ቴሌስኮፑ የት ይቀመጥ የሚለውን አታንሱብኝ። ቴልራድ ሁለት ድምፅ አለው። ሌላ?

ደንበጫ፦
እኔ አንድ ነገር አለኝ ማንም ያላሰበው። ይሄ ነገር ጥቁር ነው፣ ረዘም ያለ ነው፣ ቀይ መብራት አለው፣ መስታወት አለው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ኬላውን ታውቁታላችሁ። ከማርቆስ ሞጣ ስንሄድ ሚኒባሱ ቆሞ ሁላችሁም ውረዱ ሲባል ሻንጣዬ ውስጥ የተገኘውን ምንድነው ስባል የኮከብ ማያ ነው ልበል? የጠመንጃ ዓላማ መነጽር ነው የሚመስለው! ቴሌስኮፑስ ትልቅ ቱቦ ነው፣ ሰው አይቶ ይስቃል ያሳልፋል። ይሄ ግን ለብቻው ሲገኝ ሌላ ነው። በጥቁር መልኩ ከሆነ እኔ አልሸከምም፣ ይመዝገብልኝ።

የዳንግላዋ፦
ውይ እውነቱን ነው።

ዲሲ፦
ሲታይ ፕላስቲክ ሳጥን ነው እኮ፣ ማን ነው ጠመንጃ ላይ የሚያስረው።

ደንበጫ፦
አንተ ዲሲ ሆነህ ነው የምታወራው ወንድሜ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ነገሩ ባዶ ስጋት አይደለም። አባቴ ምንሽር ነበረው፣ በዓይኑ ነው የሚያነጣጥረው መነጽር የሚባል አያውቅም። ዛሬ ግን ሕፃኑም በስልኩ አይቶ ቀይ ነጥብ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ፈታሹም ያውቃል። ለነገሩ ይህን አሠራር በ1900 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሃዋርድ ግራብ የሚባል የደብሊን ሰው ቴሌስኮፕ ሠሪ ነበር፣ ኋላ በ1975 ስዊድኖች ኤሌክትሪክ አድርገው ለአዳኝ ሸጡት። ከቴሌስኮፕ ሠሪ እጅ ወጥቶ ወደ ቴሌስኮፕ የተመለሰ ዕቃ ነው ብላችሁ ረቂቁ ላይ ብትጽፉት መልካም ነው።

ደንበጫ፦
ጋሼ ልክ ነዎት ግን ሰውየው ያወጣው ለመሣሪያ እኮ ነው፣ ይሄንን ጽፈን ማኅተም አድርገን ብንሰጣቸው የባሰ አስያዝን። ኬላ ላይ ታሪክ የሚያዳምጥ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቢጫ ይቀባ።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ቢጫ???

ደንበጫ፦
ቢጫ። እንደ ትምህርት ቤት ባስ። ቢጫ ዓላማ መነጽር አይቶ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ኦፕቲክስ ጥቁር የሚሆነው ለጌጥ አይደለም፣ ውስጡ ጥቁር ካልሆነ ብርሃን እያንጸባረቀ ምስሉን ያበላሻል። ለልጆች ይሄን እያስተማርን ራሳችን ቢጫ ስፕሬይ ልንነፋበት ነው?

የዳንግላዋ፦
ውስጡን ማን ነካ፣ ውጩን ነው ያለው። ውጩ ቢቀባ ምን ይሆናል?

ፊዚክስ ሞጣ፦
ስፕሬዩ መስታወቱ ላይ ይበተናል፣ ማብሪያውን ያጣብቃል፣ ደግሞም ቢጫ በጨለማ ቀይ ባትሪ ሲበራበት ያብረቀርቃል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ በአንድ ብልጭታ ይጠፋል።

ባሕር ዳር ልጅ፦
ነጭ ይሁን። ቴሌስኮፑ ነጭ አይደል፣ አንድ ዕቃ ይመስላል።

ደንበጫ፦
ነጭ ጭቃ ሲነካው ወዲያው ይቆሽሻል። ቢጫ።

ቡሬ፦
አረንጓዴ አይሻልም

ደንበጫ፦
አረንጓዴማ የወታደር ነው ቡሬ፣ ምን ነካህ።

ሕግ ተማሪው፦
ቆይ ቆይ ከቀለሙ በፊት ሕጉ ምን ይላል የሚለው አይቀድምም? የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 አለ፣ የመሣሪያ ክፍል ወይም መለዋወጫ የሚለው ምን ምን እንደሚይዝ አንብቤ በሁለት ቀን ውስጥ እዚህ እጽፋለሁ። ለጉምሩኩም የሚሆን የደብዳቤ ረቂቅ አብሬ አዘጋጃለሁ፣ ለኔ ተዉት።

አስተባባሪ (ማርቆስ)፦
ተባረክ። ሁለት ቀን እንጠብቃለን።

ጡረተኛው መምህር፦
ዲሲ ያለኸው ልጅ፣ ኤርፖርት ላይ ባይናኩላር እንኳ የተያዘበት ሰው አውቃለሁና ደብዳቤው ሳይደርስህ እንዳትነሣ።

ሒሳብ ያዥ፦
ከተያዘ ብሩስ? በማን ይወራረዳል?

(ከሳምንት በኋላ)

አስተባባሪ (ማርቆስ)፦
ሕግ ተማሪው የት ደረስክ? ደውዬም አላነሳህም።

ዲሲ፦
እኔ ያለ ደብዳቤ አላመጣም፣ ቁርጡን ተናግሬያለሁ። ወይስ ለጊዜው አረንጓዴ ሌዘር እዛው ገዝታችሁ ብትጠቀሙስ፣ ቱቦው ላይ ታስሮ ሰማይ የሚጠቁመው።

ባሕር ዳር ልጅ፦
በፍጹም። እዚህ አውሮፕላን ማታ ይወርዳል፣ ሌዘር የፓይለት ዓይን ነው የሚያጠፋው። ልጅ እጅ ላይ ከገባ ደግሞ አስቡት። ይሄ አይነሣ።

ፊዚክስ ሞጣ፦
በዚህ ተስማምተናል። አሁን ስለ ቀለም ማውራቱን ትተን ስለ ጤዛው እናውራ። ቴልራድ የፊት መስታወቱ ተጋድሞ ሰማይ ነው የሚያየው፣ ጮቄ ግርጌ ስንወጣ ሌሊት ጤዛ ይሸፍነዋል፣ ክቦቹ ይጠፋሉ። ከካርቶን ጥላ ሠርተን ብንሸፍነው በቂ ነው፣ ወጪ የለውም፣ ግን ረቂቁ ላይ ይግባ ምክንያቱም ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ጤዛውም አብሮ ነው የሚመጣው። ሳተርን መስከረም 24 ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ትቆማለች፣ ከመሸ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ትታያለች፣ ቀለበቱን ያየ ልጅ ሳይንስ አይጠላም፣ እኔ የምሮጠው ለዚህች ወር ነው።

ደንበጫ፦
ጥላውም ቢጫ ካርቶን ይሁን።

ፊዚክስ ሞጣ፦
አንተ ሰውዬ ትሰማለህ? ቴሌስኮፑን ከመኪና መኪና በትከሻዬ ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ማርቆስ ላይ መጥተህ ፎቶ ተነሥተህ ሄድክ!

ደንበጫ፦
ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ የተፈተሽኩት እኔ ነኝ። አይፒሶቹን አንድ በአንድ አስከፍተው በእጃቸው መስታወቱን እየነኩ። ያኔ አንተ የት ነበርክ? የምናገረው ልጅ ስላለኝ ነው።

የዳንግላዋ፦
ኧረ በማርያም ተዉ። ሁለታችሁም ለፍታችኋል።

ጡረተኛው መምህር፦
የሞጣው፣ የደንበጫው ሰው የሚለውን ስማው፣ ያየውን ነው የሚናገረው። ደንበጫ፣ አንተም ቢጫ ቢጫ እያልክ የልጆቹን ነገር አታስረሳን። ቀለሙ ላይ አንድ አማራጭ ልስጣችሁ፣ ዕቃው ሳይቀባ ሳጥኑ ይቀባ። ማነጣጠሪያውና አይፒሶቹ በአንድ የእንጨት ሳጥን ይግቡ፣ ሳጥኑ ቢጫ ይሁን፣ ክዳኑ ላይ የሰማይ ትምህርት መርጃ ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት፣ ደብዳቤው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከክዳኑ ውስጥ ይለጠፍ።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ሳጥን ከሆነ ደግ። ጋሼ ካሉ አልከራከርም።

ደንበጫ፦
በሳጥኑ ተስማምቻለሁ። አባባሌ ከበደህ ከሆነ ይቅር በለኝ የሞጣው።

ባሕር ዳር ልጅ፦
ሳጥኑ የሁሉም ዕቃ ከሆነ ቴሌስኮፑንም ታሳቢ ያድርግ እንጂ፣ መሠረቱ ቺፕውድ ነው ውኃ ከነካው ያብጣል፣ አሁንም ጥጉ ተልጧል። አናጢ አውቃለሁ ባሕር ዳር።

ቡሬ፦
አናጢ ማርቆስስ ጠፋ እንዴ

ሒሳብ ያዥ፦
ትልቅ ሳጥን ከሆነ ዋጋው ከማነጣጠሪያው ይበልጣል፣ እንጨቱን ታውቁታላችሁ አሁን። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ አንችልም፣ ያለው አንዱን ነው የሚሸፍነው። ደብዳቤ ሳይኖር ደግሞ ለዲሲ ብር አላወጣም።

አስተባባሪ (ማርቆስ)፦
ሕግ ተማሪው አሁንም የለም። በሌላ ሰው በኩል አስጠየቅኩት፣ ፈተና ላይ ነው አሉኝ። ደብዳቤውን የሚያጽፍ ሌላ ሰው አለ?

የዳንግላዋ፦
እኔ በትምህርት ቤታችን በኩል ልሞክር እችላለሁ፣ ግን ከነሐሴ በፊት ማኅተም ይገኛል ብዬ ቃል አልገባም።

ዲሲ፦
ነሐሴ ካለፈ የምመለሰው ለገና ነው።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ለገና ማለት ሳተርን አለፈች ማለት ነው። ሳጥን ቀለበት አያሳይም ወገኖቼ።

ባሕር ዳር ልጅ፦
አይዞህ፣ በደጋፊው ዓይን እንየው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ አለ፣ ሙሉው በግብፅ ሉክሶር በኩል አድርጎ ሳዑዲንና የመንን ነው የሚያቋርጠው፣ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ረቂቁን በዚያ ስም ብናስገባው ይወዱታል፣ የፀሐይ መነጽር ለልጆች ብንል ደግሞ ብዙ ሰው ይደርሳል።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ሐምሌ ጎጃም ውስጥ ፀሐይ ያየ ሰው አለ? ደመናው ከፈቀደም ለፀሐይ ማነጣጠሪያ ክልክል ነው፣ በእሱ ወደ ፀሐይ የተመለከተ ዓይኑን ያጣል። ከፊት ማጣሪያ ታስሮ፣ ቱቦው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ እስኪያጥር እያዞሩ ነው ፀሐይ የሚፈለገው። ግርዶሹ ይግባ ግን የማነጣጠሪያውን ቦታ አይውሰድ።

ሒሳብ ያዥ፦
ያለው ብር ግን ሳጥንና መነጽር ነው የሚችለው። ማነጣጠሪያው "ደብዳቤው ሲገኝ" ተብሎ በአባሪ ይጻፍ።

ጡረተኛው መምህር፦
እስከዚያው የሞጣው፣ የድሮውን አምጣልኝ። ፎቶውን ሳየው የወለቀው መስታወቱ ብቻ ነው፣ አምፖሏ ደህና ትመስላለች። ስስ መስታወት ቆርጠን እንለጥፋለን፣ ሥራዬ ነበር።

ፊዚክስ ሞጣ፦
የባትሪው ቤት ዝጓል ጋሼ፣ ግን አመጣልዎታለሁ፣ ቅዳሜ ማርቆስ ነኝ።

አስተባባሪ (ማርቆስ)፦
እሺ፣ ረቂቁ ላይ የምጽፈው፦ ሳጥን፣ የግርዶሽ መነጽር፣ በአባሪ ቴልራድ። ሳጥኑ ስንት በስንት ይሁን? ቱቦውን የለካ ሰው አለ?

ቡሬ፦
ሳጥኑ ማን ጋ ነው የሚያድረው?

ባሕር ዳር ልጅ፦
ባሕር ዳር ነዋ፣ አናጢው እዚያ አይደል።

ደንበጫ፦
ጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ ደንበጫ ይሁን፣ መሸከሙ የኔ ከሆነ።

ፊዚክስ ሞጣ፦
ሞጣስ?