ሊብጂዳል.ኤስኦ.30 የለም ይለኛል፤ 34ን በስሙ ሊንክ ላድርገው?

የጣና ዳሯ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ጣና ሐይቅ ላይ በፎገራና በደምቢያ በኩል ያለውን የእምቦጭ ስፋት ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል መለካት ነው። ምስሉን የሚቆርጠውን ፕሮግራም አብሮኝ የሚማር ልጅ በሲ++ ጽፎ፣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ኮምፓይል አድርጎ በፍላሽ ሰጠኝ። የእኔ ላፕቶፕ 24.04 ነው። ሳስነሣው «ሊብጂዳል.ኤስኦ.30፦ ካናት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» ብሎ ይቆማል። ጂዳልን (ፕሮግራሙ የሳተላይት ምስል የሚያነብበትን ላይብረሪ) በአፕት ጭኛለሁ፣ የመጣልኝ ግን 34 ነው። ጓደኛዬ «34ን በ30 ስም ሊንክ አድርጊው፣ ይነሣል» ትለኛለች። ላድርገው? የምጠቀመው የሞባይል ዳታ ስለሆነ ትልልቅ ነገር ማውረድ ይከብደኛል።

ሽምብጥ፦
ሱዶ ኤልዲኮንፊግ በይና እንደገና ሞክሪ። ለእኔ ሠርቶልኛል።

የሊኑክስ ወዳጅ፦
እህቴ፣ እባክሽ ሊንኩን ተዪው። የሽምብጥ መልስ የሚሠራው ፋይሉ ዲስኩ ላይ እያለ ሲስተሙ ሳያውቀው ሲቀር ነው፤ ለምሳሌ ራስሽ ኮምፓይል አድርገሽ ዩዘር-ሎካል-ሊብ ውስጥ ስታስገቢ። አንቺ ጋ 30 ጭራሽ የለም።

ቁጥሩ የሚቀየረው በምክንያት ነው። 22.04 የያዘው ጂዳል 3.4ን፣ 24.04 የያዘው 3.8ን ነው። በመካከል የሲ++ ክላሶቹ ውስጣዊ አቀማመጥ ተለውጧል። በሊንክ ብታታልይው ፕሮግራሙ በድሮው ቦታ ሄዶ ሌላ ፈንክሽን ሊጠራ ይችላል። «አንዲፋይንድ ሲምቦል» ብሎ ቢሞት ደግ ነው፣ ቢያንስ ታውቂዋለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ ሠርቶ የተሳሳተ ሄክታር ሲያወጣልሽ ነው። ገበሬና ዓሣ አስጋሪ እምቦጩን በእጁ በሚነቅልበት ሐይቅ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ወረቀት ላይ መግባት የለበትም።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ኤልዲዲ ብለሽ የፕሮግራሙን ስም ጻፊ። ስታስነሺው የሚነግርሽ የመጀመሪያውን ጉድለት ብቻ ነው፤ ኤልዲዲ ግን «ኖት ፋውንድ» የሆኑትን ሁሉ ይዘረዝርልሻል። ከዚያ ልጁን ሶርስ ኮዱን ጠይቂው፤ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ በቴሌግራም ይመጣል። ለኮምፓይል የሚያስፈልጉትን ሊብጂዳል-ዴቭና ቢልድ-ኢሴንሻልን ጭነሽ እዚያው አንቺ ማሽን ላይ ኮምፓይል አድርጊው። ለዳታሽ፦ ዋይፋይ ባለበት «አፕት-ጌት ኢንስቶል» ላይ «ዳውንሎድ-ኦንሊ» ጨምረሽ ፓኬጆቹን አውርጂ፣ ቤት ገብተሽ ያለ ኢንተርኔት ትጭኛቸዋለሽ። «ኮንዳ» የሚባለው የፓኬጅ መጫኛም መፍትሔ ነው፤ የራሱን ላይብረሪ ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ግን ዳታሽን ይበላዋል። የ22.04ን ዴብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) ብቻ አምጥቶ መጫን አይሆንም፣ እሱም ሌሎች የድሮ ላይብረሪዎችን ይጠይቅሻል።

ሲነሣልሽ አንድ ምስል በልጁም በአንቺም ማሽን አስኪጂና ስፋቱን አመሳክሪ።

የጣና ዳሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኤልዲዲ ሊብፕሮጅ የሚባል ላይብረሪም እንደጎደለ አሳየኝ። ሶርሱን ተቀብዬ ኮምፓይል አደረግሁት፣ ተነሣ። ያው አንድ ምስል በሁለቱም ማሽን እኩል የፒክስል ብዛት ሰጠ። ለጓደኛዬም መልሱን አስተላልፌላታለሁ።