«ጀሪማንደር»፦ የጌሪ ስም እዚህ ቃል ውስጥ መቅረቱ ፍትሐዊ ነው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ክልል ለአንድ ፓርቲ እንዲያደላ ተደርጎ ሲሸነሸን «ጀሪማንደር» ይባላል። ቃሉ የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው የኤልብሪጅ ጌሪ ስም «ሳላማንደር» ከሚባለው እንሽላሊት መሳይ እንስሳ ጋር ተዳቅሎ በ1812 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ነው። የአንድ ሰው ስም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የደባ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ልክ ነው ትላላችሁ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። የግዛቲቱን የሴኔት ምርጫ ክልሎች ካርታ በሕግ የሸነሸኑት የጌሪ ፓርቲ የምክር ቤት ሰዎች ናቸው፤ ጌሪ እንዲያውም ሕጉን አልወደደውም ነበር።

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ አልወደደውም ብሎ የጻፈልን የገዛ አማቹ ነው! ቢጠላው ኖሮ ሳይፈርም መመለስ ይችል ነበር፤ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ይፈቅድለታል። ፈረመ። በዚያው ዓመት የጌሪ ፓርቲ ባላንጣ የሆኑት ፌዴራሊስቶች በድምፅ በልጠው ሳለ ከ40 የሴኔት መቀመጫ ያገኙት 11 ብቻ ነው፤ 29ኙ ለጌሪ ፓርቲ ሆነ።

መምህሩ፦ ስሙን ማን እንዳወጣው አትርሱ። ቃሉን ማርች 26 ቀን ያተመው የፌዴራሊስቶች ደጋፊ የነበረው ቦስተን ጋዜት የተባለ ጋዜጣ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለውን፣ በአዲሱ ሕግ የተሸነሸነውን የኤሴክስን ክልል ካርታ ወስደው ክንፍ፣ ጥፍርና ጥርስ ቀጠሉለት፤ ሠዓሊው ኤልካና ቲስዴል እንደሆነ ይታመናል። መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ግን አንድ ግብዣ ላይ ተባለ ከሚል ወሬ በቀር የተጨበጠ የለም፤ ለዚያውም የተለያየ ሰው ስም ይጠራበታል። ባላንጣ ያወጣውን ስም እንደ ፍርድ አንቁጠረው።

የቨርጂኒያው፦ ድርጊቱም ከጌሪ ይቀድማል። እዚሁ እኛ ግዛት ፓትሪክ ሄንሪ የተባለው ፖለቲከኛ፣ ባላንጣው ጄምስ ማዲሰን ኮንግረስ እንዳይገባ ክልሉን አስሸንሽኗል ተብሎ ይወቀሳል። ማዲሰን ግን በ1789 ጄምስ ሞንሮን አሸንፎ ገባ። ደግሞስ ቤተሰቡ የሚለው «ጌሪ» ነበር፤ ዛሬ ሁሉም «ጀሪ» ስለሚል ብዙ ሰው ሰውየው መኖሩንም አያውቅ።

ጠበቃዋ፦ መምህር፣ የባላንጣ ስም ነው ያሉትን እቀበላለሁ። ባላንጣ ስላወጣው ግን ሐሰት አይሆንም። ጌሪ እኮ አልፈርምም ማለት የሚያውቅ ሰው ነው! በ1787 ፊላደልፊያ ላይ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ላይ አልፈርምም ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ የመብት ድንጋጌ ጎድሎታል ብሎ ተቃውሟል። ዋሽንግተንና ፍራንክሊን ባሉበት እምቢ ያለ ሰው፣ ቦስተን ላይ የገዛ ፓርቲው ሲያቀርብለት ፈረመ። ስሙ ይቆይ።

ጠያቂው፦ ይቆይ እህቴ፤ የሸንሻኞቹስ ስም የት ገባ? እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።