አሮጌ አይሱዙ ጠዋት አልነሳ አለች፤ ዲናሞው ግን «ደህና ነው» ተብሏል

ጥያቄ፦ ባለ ኤንፒአር

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። አሮጌ ናት፣ ባለ 24 ቮልት፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ያላት። ከሰሜን ሸዋ እህል ጭኜ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። የምታድረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ቁልፍ ስሰጣት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ አትነሳም። አራት አምስት ጊዜ ሞክሬ ወይ ትነሳለች፣ ወይ ሰው ለምኜ አስገፋለሁ። ቀን ከሞቀች በኋላ ግን በአንድ ቁልፍ ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንዱ ባትሪ ሞቶብኝ በአዲስ ቀየርኩት። ሁለቱንም ለመግዛት ኪሴ አልፈቀደም። አሁን አዲሱ ራሱ እየደከመ ነው። ሻጩ የሸወደኝ ይመስለኛል። የአሮጌው ውሃ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። አንዱ ባለሙያ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ለክቶ «28 ቮልት እየሰጠ ነው፣ ዲናሞው ደህና ነው» አለኝ። ሌላው «ዲናሞውን ቀይር» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ የመንገድ ሰው

ወንድሜ፣ ዲናሞውን ቀይረህ ተገላገል። ማረጋገጥ ከፈለግክ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ካቦ ንቀል። ከጠፋች ዲናሞው አይሰራም ማለት ነው። እኛ ሁሌ እንደዚህ ነው የምናደርገው።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ይህን እንዳታደርግ! ሞተር እየሰራ ባትሪ ሲነቀል የዲናሞው ቮልት ድንገት ይዘላል፣ ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉላተርና ዳዮዶቹን ያቃጥላል። ደህና የነበረ ዲናሞ ስንቴ በዚህ ሲሞት አይቻለሁ። በዚያ ላይ የድሮ ናፍጣ ሞተር ባትሪ ተነቀለ ብሎ ላይጠፋ ይችላል። ታዲያ ምን ተረጋገጠ?

መጀመሪያ ጭሱን እንየው። ሞተሪኖው እየዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም። ያኔ አየር ገብቶ ይሆናል፣ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል እንላለን። ያንተ ግን ነጭ ጭስ አላት። ናፍጣው ደርሷል፣ የሚያቃጥለው ሙቀት ነው ያጣው። ስለዚህ ወይ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሞተዋል፣ ወይ ሞተሪኖው በሚገባው ፍጥነት አያዞርም። ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር አየሩን አምቆ አያሞቀውም። «እያቃሰተ» ስላልክ ከኤሌክትሪኩ ጀምር።

አንድ ነገር ደግሞ እይ። በኤንፒአር ዲናሞ ጀርባ የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ አለ። የሱ ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይት ወደ ዲናሞው ይገባና ካርቦኖቹን ያጨማልቃል። ከኋላው ዘይት ካለ ዲናሞ ብትቀይርም ፓምፑ ካልተሰራ ያው ነው።

መልስ፦ አውቶ ኤሌክትሪክ

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቴፕህ ባለ 12 ነው? ከየት ነው የታሰረው?

ብዙ ጊዜ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይወስዱለታል። እንደዚያ ከሆነ ችግርህን ያገኘሁት ይመስለኛል። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ነው የታሰሩት። ዲናሞው የሚሰጠው በሁለቱም እኩል ያልፋል። ቴፑ ግን የሚጠጣው ከአንዱ ነው። ስለዚህ አንዱ ሁልጊዜ እየጎደለ ይሄዳል፣ ሌላው ከልኩ በላይ ይሞላና ይፈላል። ውሃው የሚጎድለው ለዚህ ነው። ሬጉላተሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ድምሩ 28 ከሆነ ለሱ ሁሉ ሰላም ነው። ለለካልህም ሰውዬ እንደዚያው።

ቴስተር ተውሰህ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ለካ። ጠዋት ሳትነካካት አንዴ፣ ሞተሩ እየሰራ ደግሞ አንዴ። ሙሉ ባትሪ ያለ ሥራ ሲያድር 12.6 አካባቢ ነው። ሞተር ሲሰራ እያንዳንዱ 14 አካባቢ መሆን አለበት። ቀጥሎ ረዳትህ ሞተሪኖውን ሲያዞር በባትሪው ነጌቲቭ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ ማሳው (ነጌቲቩን ከሻሲውና ከሞተሩ የሚያገናኘው ካቦ) ቆሽሿል።

ባለ ኤንፒአር

እህቴ፣ ከየት አወቅሽው? ቴፑ ከአንዱ ባትሪ ነው የታሰረው። ረዳቴ ስልኩንም ከዚያው ነው ቻርጅ የሚያደርገው። ማጉያም አለው።

ዛሬ ጠዋት ለካሁ። አዲሱ 11.9፣ አሮጌው 12.8። ሞተሩ እየሰራ አዲሱ 12.9፣ አሮጌው 15.2። ስደምረው 28.1! ቴፑ የታሰረው ከአዲሱ ነው። ሻጩን በከንቱ ሳማው ከረምኩ። ማሳው ደግሞ 1.4 አለ። ዲናሞው ጀርባ ደረቅ ነው ጋሼ፣ ዘይት የለም።

መልስ፦ አውቶ ኤሌክትሪክ

15.2 ላይ ያለው ባትሪ እየፈላ ነው። የሚያወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። አጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ። ካቦ ስትነቅል ነጌቲቩን አስቀድም፣ ስትመልስ መጨረሻ አድርገው።

ቴፑን ከባትሪው ንቀል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግዛና ከሁለቱ ድምር አስረው። ቀጥታ 24 ሰጥቶት ቴፕ ያቃጠለ ስንቱን አይቻለሁ። ባትሪዎቹን አውርደህ ለየብቻ በባለ 12 ቻርጀር አስሞላ። ማሳውን ከሻሲውም ከሞተሩም ፍታና ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ አይሰራም።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ካንዴላዎቹንም አትርሳ። የሚያገናኛቸውን ብረት ፍታ። ባለ 24 አምፖል አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ጋር አድርግ። ካልበራ ያ ካንዴላ ተቃጥሏል። አደራ፣ ቤንዚን በአየር ማስገቢያው የሚረጩትን አትስማ። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ፒስተን ይሰብራል፣ ሰውም ያቃጥላል። ከሥር እሳት የሚያነዱትንም ያው።

ባለ ኤንፒአር

ከሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ከአራቱ ካንዴላ ሁለቱ ተቃጥለው ነበር፣ ቀየርኳቸው። ማሳው ከተፈተገ በኋላ 0.3 ሆነ። ኮንቨርተሩም ገባ። አምስት ጠዋት ተነሳች፣ አራቱን በመጀመሪያው ቁልፍ። ዛሬ ብቻ ሁለቴ ሞከርኩ፣ ውርጭ ነበር። ረዳቴ ቴፑ ሁለት ቀን ስለጠፋ አኩርፎ ነበር፣ አሁን ታርቀናል። አሮጌው ባትሪ ግን ተሞልቶ ካደረ በኋላ 12.2 ነው የሚለው። እሱን ብቻ ልቀይር?

መልስ፦ አውቶ ኤሌክትሪክ

ፈልቶ ተጎድቷል፣ አይቆይም። አዲስ ካመጣህ አምፔሩ ከሌላው እኩል ይሁን። የሁለት ወሩ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ይዞ ካደረ አንዱን ብቻ ቀይር፣ ዕድሜያቸው ብዙ አይራራቅም። ካልያዘ ሁለቱንም አንድ ላይ። በወር አንዴ ደግሞ ለየብቻ ለካቸው። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ካለፈ አንድ ሰው የሆነ ነገር ከአንዱ ላይ አስሮ ይሆናል፤ መጀመሪያ ረዳትህን ጠይቅ።