የቤት ኪራይ ቫውቸሬ ቀኑ ሊያልቅብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሁለት ልጆቼ ጋር እህቴ ሳሎን ተጠግቼ እኖራለሁ። ለዓመታት ወረፋ ጠብቄ የሴክሽን 8 ቫውቸር (የመንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማ) ሲደርሰኝ እልል ብዬ ነበር፤ ለካ ቸኩያለሁ። ቤት እንድፈልግ ከተሰጠኝ 60 ቀን ውስጥ 41ዱ አልቋል።

ከገቢዬ 30 በመቶ ገደማውን እኔ እከፍላለሁ፣ የቀረውን መንግሥት በየወሩ ይሸፍናል። ለአከራይ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ነገር ግን «ቫውቸር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቤቱ ወዲያውኑ «ተይዟል» ይሆናል። አንዱ ሕንፃ ለእኔ እንዲህ ብሎ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ለደወለችው ጓደኛዬ «ክፍት ነው፣ መጥተሽ እዪው» አላት።

ሜሪላንድ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ በገቢ ምንጭ፣ ቫውቸርን ጨምሮ፣ የተነሣ ተከራይን መከልከል ሕገወጥ መሆኑን አውቃለሁ። አቤቱታ ባቀርብ ግን ውሳኔው እስኪመጣ ቫውቸሩ ይቃጠላል ብዬ ፈራሁ።

ቀን እንዲራዘምላችሁ በጽሑፍ ጠይቃችሁ የተፈቀደላችሁ ካላችሁ፣ ከጥያቄው ጋር ምን ማስረጃ አቀረባችሁ? የደወልኩባቸውን ቤቶች ከነቀናቸው በደብተር መዝግቤአለሁ፤ ይበቃል? ቫውቸሩን ይዞ ወደ ሌላ ካውንቲ የተሻገረ ሰውስ አለ? የእህቴ አከራይም «እነዚህ ሰዎች ውሉ ላይ የሉም» ማለት ስለጀመረ፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።