ለስኳር ሕመምተኛ ሻይ ማር ይሻላል ወይስ ስቴቪያ?

የሱሉልታ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ዓይነት 2 ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ የሚባሉ የስኳር መድኃኒቶች ይወስዳሉ። በቀን አራት ሻይ ይጠጣሉ፣ እያንዳንዱ በሁለት ማንኪያ ስኳር። ጎረቤቱ ሁሉ «ንጹሕ ማር አይጎዳም፣ የተፈጥሮ ነው» ይላል። ስቴቪያ የሚባል ከተክል ቅጠል የሚወጣ ነጭ የማጣፈጫ ዱቄትም ገዝተን አንድ ማንኪያ ብንጨምርበት እንደ እሬት መረረ። የቱ ይሻላል? ስቴቪያውን ጓሮ መትከልስ ይቻላል?

ምግብና ጤና
ማሩን ይተዉት። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ያው ማንኪያ ማር ግን ከባድ ስለሆነ 7 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 6ቱ ስኳር ነው። ስለዚህ በአራቱ ሻይ 32 ግራም የነበረው በማር 48 ይሆናል። ንጹሕ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ ብርዝም ያው ነው። ቴምርም ቢሆን ትልቁ ዓይነት አንዱ ፍሬ ብቻ 16 ግራም ገደማ ስኳር አለው።

ፋርማሲስት ከለገጣፎ
የመረረው ስለበዛ ነው። ንጹሕ ስቴቪያ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል፤ ለሁለት ማንኪያ ስኳር ምትክ 30 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። ያንን በማንኪያ መስፈር አይቻልም፤ በውሃ አቅጥነው ይስፈሩ። 1 ግራሙን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን መዝነው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙት፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በሳምንት ይለቅ። ለአንድ ብርጭቆ መርፌ በሌለው ስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ይጀምሩ፣ ካነሰ 3 ያድርጉት። የሚቀረውን የምሬት ቃና ቀረፋና ቅርንፉድ ይሸፍኑታል።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ጀርባውን ያንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ከሆነ አብዛኛው ስኳር የሚያወጣ መሙያ ነው። ኤሪትሪቶል የሚባለው ሌላ ማጣፈጫ ከሆነ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር አይጨምርም፣ ሲበዛ ሆድ ይነፋል እንጂ። ጽሑፍ የሌለውን፣ ከጆንያ የሚቸረቸረውን ዱቄት እባክዎ አይግዙ።

ነርስ፣ ሰበታ
ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግሊበንክላማይዱ ነው። ይህ መድኃኒት የደም ስኳርን ይጥላል። በቀን 32 ግራም ስኳር በአንዴ ሲቀር፣ በተለይ በጾም ቀን፣ ሊወርድባቸው ይችላል። ስለዚህ ለሐኪማቸው አስቀድመው ይንገሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆድና ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩላቸው። ጣታቸውን መጀመሪያ በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ማር ወይም ፍራፍሬ የነካ ጣት ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል።

ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተዛባ ወይም መለኪያው ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ካሳየ አራት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልተነሳ ይድገሙት። እዚህ ላይ ስቴቪያ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ስኳሩ ከቤት ጨርሶ አይጥፋ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይስጡ፤ ወደ ጤና ተቋም ያፋጥኗቸው።

አትክልተኛ
ስለ ተክሉ፦ ስቴቪያ ውርጭ አይችልም፣ የሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይገድለዋል። በማሰሮ ተክለው ማታ ማታ ቤት ያስገቡት። ዘሩ በደንብ ስለማይበቅል ቁርጥራጭ ቅርንጫፍ ይፈልጉ። ቅጠሉን ከማበቡ በፊት ቆርጠው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ ካበበ ጣዕሙ ይቀንሳል። የቅጠሉ ጥፍጥና ግን ከተክል ተክል ስለሚለያይ ልኩን ማወቅ ያስቸግራል፤ ለአባትዎ በስሪንጅ የሚሰፈረውን ባይለቁ ይሻላል።