ባሌስትራ ካስቀየርኩ በኋላ የመጣ ንዝረት፦ የፕሮፔለር ሻፍቱ ማዕዘን እንዴት ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ባለ 75፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) የተቀመጠ፣ ባለ 1ኤችዜድ ሞተር የቆየ ላንድክሩዘር 75 ፒክአፕ አለኝ፤ ከደሴ ወደ ወረኢሉና ወደ ከላላ የንብ ቀፎና የእንስሳት መድኃኒት አመላልስበታለሁ። በክረምት የከባድ መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ እየጠለቀ መኪናውን ከሆዱ ስለሚያስቀምጠው፣ ከሁለት ወር በፊት የኋላ ባሌስትራዎቹን ይበልጥ በጎበጡ አዳዲሶች አስለወጥኩ። በዚያው ጊዜ የባሌስትራውን ጫፍ ከሻሲው ጋር የሚያንጠለጥሉት ሻክሎች በ2.5 ሴንቲ ሜትር በረዘሙ ተተኩ። ሥራውን የሠራው ባለሙያ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የ3 ዲግሪ ሽብልቅ ብረት አስገብቶ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ፣ ማለትም ፕሮፔለር ሻፍቱ (ኃይልን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ) የሚገጠምበትን ጫፍ፣ ወደ ላይ ቀና አደረገው፤ ምክንያቱን ስጠይቀው አፍንጫው ሻፍቱን ቀጥ ብሎ ማየት እንዳለበት ነገረኝ። መኪናው ከኋላ በጠቅላላው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው ሜዳ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስነዳ ወለሉና መቀመጫው ይንዘረዘራሉ፤ መሪው ግን አይንቀጠቀጥም። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ ንዝረቱ ይብሳል፤ ያንኑ ዳገት በሞተር እየያዝኩ ስወርድ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ጎማዎቹን ባላንስ አስደርጌያለሁ፣ ሁለቱንም የኋላ ሻፍት ክሮቼራዎች (በሻፍቱ ጫፎች ያሉትን የመስቀል ቅርጽ መታጠፊያዎች) በአዲስ ቀይሬያለሁ፤ ለውጥ የለም። የፊት ጎማዎቹ ሎክ ስላልተቆለፈ የፊቱ ሻፍት አይዞርም፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ ሁሉ ከኋላው ላይ ነው። አሁን የተነገረኝ መፍትሔ ሽብልቁን ወደ 5 ዲግሪ ማሳደግ ነው። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሽብልቁን አታሳድገው። እንደ ገለጽከው ከሆነ ንዝረቱን ያመጣው ራሱ ሽብልቁ ነው፤ 5 ዲግሪ ብታደርገው ደግሞ ይብስብሃል።

አንድ ክሮቼራ ታጥፎ ሲሠራ፣ የሚያዞረው ወገን በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚዞረው ወገን በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። እጥፋቱ 10 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከ6 በመቶ ያልፋል። ሁለተኛው ክሮቼራ የተቀመጠው ይህን መወዛወዝ በተቃራኒው እያወዛወዘ እንዲያጠፋው ነው። ሊያጠፋው የሚችለው ግን የሁለቱ እጥፋት እኩል ሲሆን ነው። ያንተ መኪና የኋላ ሻፍት አንድ ወጥ ሆኖ በሁለቱ ጫፎቹ አንድ አንድ ክሮቼራ ያለው ስለሆነ፣ ከትራንስፈር ኬዙ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሣጥን) የሚወጣው ዘንግና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ በቁመታቸው ቢለያዩም እርስ በርሳቸው ትይዩ መሆን አለባቸው። ሻፍቱ በሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል የተዘረጋ ዘንበል ያለ ድልድይ ነው ብለህ አስበው።

አፍንጫው ሻፍቱን ቀጥ ብሎ ይይ የሚለው ምክር ከአየር የመጣ አይደለም፤ በትራንስፈር ኬዙ በኩል ደብል ካርዳን ላለው ሻፍት ትክክለኛው አሠራር ያ ነው፤ በዚያ ዓይነቱ ሁለቱ ክሮቼራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ስለሚተራረሙ፣ ከዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ክሮቼራ እጥፋቱ ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ላንተው ሻፍት ሲሠራ ግን የኋላው እጥፋት ያንሳል፣ የፊቱ ባለበት ይቀራል፣ የፊቱን መወዛወዝ የሚያጠፋለትም ያጣል። ከመኪናው ሥር ተኝቶ ለሚያየው ሰው ቀጥ ያለው ነገር ትክክል ስለሚመስለው፣ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይህ ነው።

የሐረጎው ምልክትህም ይህንኑ ይመሰክራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጎትት አክስሉ ባሌስትራውን ጠምዝዞ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በሞተር ይዘህ ስትወርድ ደግሞ ወደ ታች ይመልሰዋል። ዳገቱ ላይ የሚብሰውና ቁልቁለቱ ላይ የሚጠፋው፣ አፍንጫው ከመጀመሪያውም ከሚገባው በላይ ቀና ብሎ ስለተቀመጠ ነው። አፍንጫው ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ለካ። በማግኔት የሚጣበቅ የማዕዘን መለኪያ ካገኘህ መልካም ነው፤ ካላገኘህ በስልክ ላይ ያለው የውሃ ልክም ያገለግላል፣ ብቻ በሁሉም ቦታ በአንድ ጎኑ አስቀምጠው። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ የራሱን ክብደት መሸከም አለበት፤ በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ከተለካ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ደሴ ላይ ሜዳ ግቢ ማግኘት እንደማይቀል አውቃለሁ፤ ነገር ግን የምንፈልገው በሦስቱ ልኬቶች መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ መኪናውን ሳታንቀሳቅስ እስከ ለካህ ድረስ መሬቱ ትንሽ ቢያዘነብል ለውጥ አያመጣም። መጀመሪያ የሻፍቱን ዘንበልታ ያዝ፤ ቀጥሎ ከኋላ በኩል ያሉትን አራት ቡሎኖች ፈትተህ የዲፈረንሻሉን ፍላንጅ (ሻፍቱ በቡሎን የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ብረት) ፊት፣ ከዚያም የትራንስፈር ኬዙን ፍላንጅ ፊት ለካ። የፍላንጁ ፊት ከቱንቢ የሚያዘነብለው ዘንጉ ከውሃ ልክ በሚያዘነብለው መጠን ነው። የፈታኸውን ሻፍት በክሮቼራው ላይ አታንጠልጥለው፣ በገመድ እሰረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኋላው ሻፍት ከተፈታ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን እንደማይዘው አትርሳ፤ ከመፍታትህ በፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በጠንካራ ታኮ አስደግፍ።

መልስ 2፦ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ከደሴ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። ሆኖም ክሮቼራዎቹን በቀየሩ ጊዜ ሻፍቱ ከተንሸራታቹ ክፍል (በጥርስ ተነካክሶ ሻፍቱን ከሚያስረዝመውና ከሚያሳጥረው) ተነቅሎ ከነበረ፣ ከማዕዘኑ በፊት ሌላ ነገር እንዲያዩ አደራ እላለሁ። በሻፍቱ በሁለቱ ጫፎች ያሉት የክሮቼራ ጆሮዎች (ክሮቼራውን የሚይዙት ሹካዎች) በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ግራሶ ለማስገባት ወይም ለጥገና ነቅሎ ሲመልስ አንድ ጥርስ የሳተ ሰው፣ ማዕዘኑ የቱንም ያህል ቢስተካከል ንዝረቱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ጆሮዎቹ በ90 ዲግሪ ከተዛነፉ ሁለተኛው ክሮቼራ የመጀመሪያውን መወዛወዝ በማጥፋት ፈንታ ይደምርበታል። ከመንቀልዎ በፊት በሁለቱም ክፍሎች ላይ በቀለም መስመር ማስመር ይበቃል።

ተንሸራታቹ ክፍል ምን ያህል እንደ ወጣም ይመልከቱ። መኪናው ከፍ ሲል ሻፍቱ በጥቂቱ ይሳባል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ደግሞ ይበልጥ ይሳባል። የሚነካከሰው ጥርስ እያጠረ ከሄደ ቶሎ ይበላል፣ ሲብስም ይነቀላል።

ሽብልቅን በተመለከተ፣ ወፍራሙ ወገን ወዴት ይሁን የሚለውን ሰዎች ሲያምታቱት አያለሁ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ አፍንጫውን ዝቅ ለማድረግ ወፍራሙ ወገን ወደ ፊት ይሆናል፤ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ግን ወደ ኋላ ይሆናል። የሚመረጠው የብረት ሽብልቅ ነው፤ የአሉሚኒየሙ በጭነትና በጠጠር መንገድ ተጨፍልቆና ተሰንጥቆ ሲወጣ አይቻለሁ። የባሌስትራው የመሐል ቡሎን ራስ ከሽብልቁ ውፍረት አልፎ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በደንብ መቀመጥ ስላለበት፣ ካጠረ በረጅም ይተካ።

መልስ 3፦ ባለ ሃይሉክስ፣ ከኮምቦልቻ

እኔ ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመኝ ትራንስፈር ኬዙ የተቀመጠበትን ማቋረጫ ብረት በ2 ሴንቲ ሜትር አስወርጄ ንዝረቱን አቃልዬዋለሁ። ደብል ካርዳን ያለው ሻፍት ማሠራትም አንድ መንገድ ነው፤ ያኔ የተገጠመው ሽብልቅ እንዳለ ይቀር ነበር። ከሽብልቅ ጋር ከመታገል እነዚህን ቢያስቡባቸው አይሻልም ወይ?

መልስ 4፦ ባለ 75፣ ከደሴ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ጎማዎቹን በታኮ አስደግፌ ለካሁ። ሁሉም ወደ ኋላ ዝቅ የሚሉ ሆነው፣ የትራንስፈር ኬዙ ዘንግ 3 ዲግሪ፣ ሻፍቱ 10 ዲግሪ፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 7 ዲግሪ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የፊቱ ክሮቼራ እጥፋት 7፣ የኋላው 3 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በማግስቱ 600 ኪሎ ያህል ጭኜ ብለካ የፊቱ 5፣ የኋላው 1 ሆነ። የክሮቼራዎቹ ጆሮዎች በአንድ መስመር ናቸው። ሻፍቱ ከክሮቼራ እስከ ክሮቼራ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ የ3 ዲግሪውን ሽብልቅ ማውጣት ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላ የሚቀር ነገር አለ?

መልስ 5፦ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

ልኬትህ ጥርት ያለ ነው። 7ና 3 ሲጋጠሙ የሚተርፈውን መወዛወዝ ለማወቅ የሁለቱን ስኩዌር ቀንሰህ ካሬ ሥሩን ታወጣለህ፤ 49 ሲቀነስ 9፣ 40 ይሆናል፣ የ40 ካሬ ሥር ደግሞ 6.3 ገደማ ነው። ሁለት ክሮቼራ ይዘህ በ6.3 ዲግሪ የታጠፈ አንድ ብቸኛ ክሮቼራ እንደ ገጠምክ ሆኖ ይንዘረዘርልሃል ማለት ነው። ልዩነቱን ከ1 ዲግሪ በታች ማድረስ አለብን።

ሽብልቁን ብቻ ብታወጣ አፍንጫው ወደ 4 ዲግሪ ይመለስና የኋላው እጥፋት 6 ይሆናል። ይህ ከ7 ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ነገር ግን ዳገት ላይ አፍንጫው ይነሣል ያልኩህን አስታውስ፤ ያኔ ልዩነቱ ይሰፋል። ያቺን የተረፈች 1 ዲግሪ ያመጣት ደግሞ የረዘመው ሻክል ነው። ከኋላ ጫፍ ያለ ሻክል ሲረዝም የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ወደ ታች ስለሚገፋው አፍንጫው ቀና ይላል፤ የሚያተርፍልህ ከፍታም ከጨመርከው ርዝመት ግማሹን ብቻ ነው፣ ያንተ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሰጠህ 1.2 ያህል ነው። እኔ ብሆን ሽብልቁንም ሻክሉንም አውጥቼ በቀድሞው ሻክል፣ በአዲሱ ባሌስትራ ብቻ እሄድ ነበር። ሻፍቱ ወደ 9.5 ዲግሪ ይወርዳል፣ አፍንጫው ወደ 3 ይመለሳል፣ ሁለቱም ክሮቼራዎች በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋሉ።

6.5 ዲግሪ ራሱ አይበዛም ወይ ትል ይሆናል። የሚወስነው ሻፍቱ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። 7.50 በ16 ጎማና 4.1 የዲፈረንሻል ጥርስ ምጥጥን ይዘህ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሻፍቱ በደቂቃ 2,200 ዙር ያህል ይዞራል። በተለመደው የአምራቾች መመሪያ በ2,000 ዙር እስከ 8.7፣ በ2,500 ዙር እስከ 7፣ በ3,000 ዙር ግን እስከ 5.8 ዲግሪ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንተ ከወሰኑ ውስጥ ነህ፤ በሜዳ በሰዓት 110 ለመንዳት ካሰብክ ግን ክሮቼራዎቹ ዕድሜያቸው ያጥራል።

ጭነህ የለካኸው ያስደሰተኝ ነገር አለ፤ በጭነት ሁለቱም እጥፋቶች እኩል በ2 ዲግሪ ቀንሰዋል። ባሌስትራ ሲወርድና ሲወጣ አፍንጫው ዘንበልታውን ብዙም ስለማይለውጥ፣ ባዶ ሆኖ ትይዩ የተደረገ መኪና በጭነትም ትይዩ ሆኖ ይቆያል። እንዳንተ አንድ ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ሙሉ ለሚሄድ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የማቋረጫውን ብረት ስለ ማውረድና ስለ ደብል ካርዳን ለጠየቁት ወንድማችንም መልስ ልስጥ። የሃይሉክሱ ሻፍት በመሐል ኩሽኔታ የተያዘ ባለ ሁለት ክፍል ስለሆነ ስሌቱ ከዚህኛው ይለያል፤ ለዚያ መኪና ያደረጉት ተገቢ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ማቋረጫውን ማውረድ ከሆዱ እንዳይነካ ብለን ያነሣነውን መኪና መልሶ ከሆዱ ዝቅ ማድረግ ነው፤ የሞተሩን መቀመጫዎችና የማርሽ ዘንጉንም ያዛንፋል። ደብል ካርዳን 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚያነሣ ሰው ተገቢ ነው፤ ለ5 ሴንቲ ሜትር ግን ወጪውም ጥገናውም የሚያዋጣ አይመስለኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወደፊት የፊቱን ባሌስትራም ካነሣህ ለፊቱ አፍንጫ ብለህ ሽብልቅ ለመጨመር አትቸኩል። የፊቱ አፍንጫ ቀና ሲል የጎማው መታጠፊያ ዘንግ ራስ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል መሪው ቀጥ ብሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፣ መኪናውም በሜዳ ይዋልልብሃል። በፊት በኩል ከሻፍቱ ንዝረት ይልቅ የመሪው ደኅንነት ይቀድማል።

መልስ 6፦ ባለ 75፣ ከደሴ

ሥራው ከተሠራ 10 ቀን ሆነው። ሽብልቁና ረጅሙ ሻክል ወጥተው ለካሁ፤ የፊቱ 6.5፣ የኋላውም 6.5 ሆነ። ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ በ80 ስነዳ ወለሉ ጸጥ ብሏል። ሐረጎን በሦስተኛ ስወጣ ግን ጋዝ አጥብቄ ስረግጥ ቀለል ያለ ጉርምርምታ ቀርቶ ነበር። በመልስ 2 በተሰጠው ምክር መሠረት አፍንጫውን ዝቅ የሚያደርግ የ1 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ በተቃራኒው አስገባሁና ያም ጠፋ። ተንሸራታቹ ክፍል በጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠልም በቂ ጥርስ እንደሚቀረው አይቻለሁ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች በስንት ጊዜ እንደገና መጥበቅ አለባቸው?

መልስ 7፦ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

አዲስ ባሌስትራና ሽብልቅ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ስለሚደላደል ቡሎኖቹ ይላላሉ። አንድ ጊዜ ጭነህ ወረኢሉ ደርሰህ ስትመለስ፣ መኪናው በጎማው እንደ ቆመ አጥብቃቸው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገመው። ከዚህ በፊት ተፈትተው የታሰሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ተስበው ሊሆን ስለሚችል ጥርሳቸውን እይ፤ ዳዶው በእጅ ካልሄደ በአዲስ ለውጣቸው። ወንዝ በተሻገርክ ቁጥር ደግሞ ክሮቼራዎቹንና ተንሸራታቹን ክፍል ግራሶ አጠጣቸው።